የግራው ሻንሲ

ወንድሜ «ና፣ ተሳቢውን እናድሰው» ሲለኝ እሺ ያልኩት ሰበብ አጥቼ አይደለም። ሰበብ ሞልቶኛል። ወገቤ አለ፣ ዐይኔ አለ፣ ሱቄ ደጃፍ ላይ የተደረደረው የሰው በርና መስኮት አለ። እሺ ያልኩት እኔ እምቢ ካልኩ ሌላ በያጅ ስለሚጠራ ነው። ሌላ በያጅ ደግሞ ዐይን አለው፤ አፍም አለው።

ተሳቢው መኪና ጫኝ ነው። በደህናው ዘመን ከታች ሦስት፣ ከላይ ሦስት አውቶሞቢል ተሸክሞ ከወደብ ይመላለስ ነበር። አሁን የወንድሜን ግቢ ግማሹን ይዞ፣ ጎማው ወልቆ፣ በድንጋይ ላይ ከተቀመጠ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው። በሌላ ቤት ቢሆን የላይኛው ወለል ልብስ ማስጫ ይሆን ነበር። እትዬ፣ የወንድሜ ሚስት፣ አንዲት ካልሲ እንኳ አስጥታበት አታውቅም። ከቤት ስትወጣ በግድግዳው ጥግ ጥግ ዞራ ነው ወደ ውጭ በር የምትሄደው።

ወንድሜ ሾፌር ነበር። እኔ የበርና የመስኮት ሰው ነኝ። በአምስት ዓመት ይበልጠኛል። እኔ ሃምሳ ስምንት ሞልቶኛል፤ እሱ ግን እስካሁን «ትንሹ» ነው የሚለኝ። ሠፈሩም ከሱ ሰምቶ ትንሹ ይለኛል። የልጅ ልጅ ያየሁ ትንሹ።

በሙያዬ የምታወቅበት ነገር አንድ ነው፤ ብየዳዬ አይታይም። ሁለት ብረት ካጋጠምኩ በኋላ ስፌቱን በግራይንደር እፈጨዋለሁ፣ በብርጭቆ ወረቀት አሸዋለሁ፣ ስቱኮ እቀባዋለሁ። ከቀለም በኋላ ባለቤቱ በጣቱ ቢዳብስ አያገኘውም። ለበር ይህ ውበት ነው። ደንበኛ «የት ጋ ነው የበየድከው?» ብሎ ሲፈልግና ሲያጣ ከማየት የሚበልጥ ደስታ በሥራዬ ላይ አላገኘሁም። እንግዲህ ጉዱ የመጣው ከዚህች ደስታ ነው።

የዛሬ አሥራ ሰባት ዓመት ወንድሜ ከመንገድ ተመልሶ አንድ ነገር አሳየኝ። ተሳቢው ክብደቱን በሙሉ የሚጥለው ከፊት እስከ ኋላ በተዘረጉ ሁለት ረጃጅም ብረቶች ላይ ነው፤ ሻንሲ የምንለው እሱን ነው። የግራው ሻንሲ ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ወጥታለች። ርዝመቷ ስንዝር አይሞላም።

«ነገ የከባድ መኪና ጋራዥ አስገባዋለሁ» አለ።

«እኔ እያለሁ ጋራዥ ምን ይሠራልሃል?» አልኩት። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። ማንም አልለመነኝም፤ ማንም አላስገደደኝም።

የሻንሲ ብየዳ የራሱ ሕግ አለው። የስንጥቁ ጫፍ ላይ ቀዳዳ ይበሳል። የሚጨመረው ብረት ጫፉ ሾሎ ይቆረጣል እንጂ አራት ማዕዘን አይሆንም። ስፌቱ ሻንሲውን በወርዱ ቀጥ ብሎ አያቋርጥም። ደግሞም አይፈጭም፤ ጉልበቱ እዚያ እብጠቱ ላይ ነው። ይህንን አሁን ዐውቀዋለሁ። ያኔ የማውቀው መስኮት ነው። የተሰነጠቀውን ቆርጬ አወጣሁ፣ በልኩ አራት ማዕዘን ብረት ተካሁ፣ ግራና ቀኙን ቀጥ አድርጌ በየድኩ፣ ከዚያ ፈጨሁት። አሳምሬ ፈጨሁት።

ወንድሜ ከሥሩ ገብቶ በመዳፉ ቢዳብስ ቢዳብስ አጣው። «ወይ ትንሹ! የታለ?» እያለ ሳቀ። ረዳቱም አብሮት ሳቀ። ረዳቱ የእትዬ ታናሽ ወንድም ነው፤ በሆነ ባልሆነው ስለሚስቅ ሳቂታው እንለው ነበር። ከወር በኋላ ሁለቱ ሆነው ተሳቢውን ከላይ እስከ ታች ሰማያዊ ቀለም ቀቡት።

ቀለሙ በደረቀ በሳምንቱ፣ ከቀትር በኋላ፣ ስድስት መኪና እንደ ጫነ ቁልቁለት ላይ ተሳቢው ወደ ግራ ተጣመመ። ከመንገድ ወጣና የሚጎትተውን መኪናም ይዞ ገለበጠው። ሳቂታው እዚያው ሞተ። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነበር።

ሆስፒታል ስደርስ ወንድሜ ጭንቅላቱ በፋሻ ተጠቅልሎ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። የትራፊክ መርማሪው መንገዱ ላይ የፍሬን ምልክት ስላላገኘ አሽከርካሪው አንቀላፍቷል ብሎ ጽፏል። ሻንሲውን ደግሞ ሲገለበጥ የተሰበረ ነው ብሎ አልፎታል።

«ምንም አላስታውስም፣ ትንሹ» አለኝ ወንድሜ። «ተኝቼ ይሆን እንዴ?»

ሆዴ ያን ጊዜውኑ ዐውቋል። አዎም፣ አይደለምም አላልኩትም። ትራሱን አስተካከልኩለት።

ፍርድ ቤት ሲቀርብ «አንቀላፍቼ ይሆናል» አለ፤ ሁለት ዓመት ታሰረ። በየሳምንቱ ዳቦና ሳሙና ይዤ እጠይቀው ነበር። አንድም ሳምንት አልቀረሁም፤ ሰው ሁሉ ያደንቀኝ ነበር። ተሳቢው ስብራቱ በብረትና በቡሎን ታስሮ፣ ተጎትቶ ግቢው ሲገባ ጎንበስ ብዬ አላየሁትም። ካላየሁት ያልሆነ ይመስለኝ ነበር።

እትዬ ባሏን ጥላ አልሄደችም። ታጥብለታለች፣ ታበስልለታለች፣ ሲታመም ከአጠገቡ አትለይም። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ «አንተ» ብላው አታውቅም። «ሻይ ይጠጣሉ?» «መድኃኒትዎን ወሰዱ?» ነው፤ እንደ ማያውቁት እንግዳ። ብትሰድበው ይሻለው ነበር። እኔን ግን «ወንድም ዓለም» ትለኛለች፤ በሷ ቤት ከኔ የተሻለ ሰው የለም።

ዘንድሮ የወንድሜ ሳንባ ተበላሸ። ሐኪሙ ይህን ያህል ጊዜ ቀርቶሃል አላለውም፤ ግን «የሚጨርሱት ነገር ካለ ይጨርሱ» አለው። የሚጨርሰው ነገር ተሳቢው ሆነ። መኪና የሚያስመጣ አንድ ነጋዴ ደህና ተሳቢ ካገኘ በቋሚነት ሊከራይ ፈልጓል።

«እኔ ስሄድ ለሷ የሚሆን ነገር ልተውላት» አለኝ ሳሎን ቁጭ ብለን። እትዬ ጓዳ ስለነበረች ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ወንድሟን ወስጄባታለሁ። ሌላ የምሰጣት ምን አለኝ?»

ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። «መቼ እንጀምር?» አልኩ።

በክሪክ አንስተን ከድንጋዩ አወረድነው። የመንኮራኩሮቹ ኩሽኔታ ከግሪሱ ጋር ተጋግሮ ስለነበር በመዶሻ እየደበደብኩ ነው ያስወጣሁት። ንዝረቱን የሚችሉትን ባሌስትራዎች ፈታሁ፤ ግማሾቹ ተሰብረዋል። የወለሉን ላሜራ ስገፈው በእጄ ላይ ይፈረፈር ጀመር። ወንድሜ ቆሞ መሥራት ስለማይችል በርጩማ ላይ ተቀምጦ በሽቦ ብሩሽ ዝገት ይፍቃል። መጀመሪያ ሰሞን ሃያ ጊዜ ፍቆ ያርፍ ነበር። በኋላ አሥር፣ ከዚያ አምስት። አፍንጫህን በጨርቅ ሸፍን ስለው «ይኼ ሳንባ ከዚህ በላይ ምን እንዳይሆን ነው?» ይለኛል።

ጎረቤቱ ጡረታ የወጣ አስተማሪ ነው፤ በአጥሩ ላይ ብቅ እያለ ይተርበናል። «ምነው፣ የጥፋት ውኃ መጣ እንዴ? መርከብ ከሆነ እኔንም ጻፉኝ።»

«ከየዓይነቱ ጥንድ ነው የሚገባው» ይለዋል ወንድሜ። «አንተ ደግሞ ላጤ ነህ፤ እዚያው ስመጥ።»

ሳቁ በሳል ያልቃል። እትዬ ሻይ አምጥታ መስኮቱ ደፍ ላይ ታስቀምጣለች እንጂ ወደ ብረቱ አትጠጋም። «ወንድም ዓለም፣ እንዳይቀዘቅዝብህ» ትለኛለች። ለሱ ደግሞ «የእርስዎም እዚህ አለ» ብላ ትገባለች። ወንድሜ ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይዞ የተዘጋውን በር ያየዋል። በሕይወቴ ብዙ ሰው ሲያዝን አይቻለሁ፤ እንደሱ ሳያማርር የሚያዝን ግን አላየሁም። ቢያማርር፣ አንዴ እንኳ «እኔ ምን አደረግኩ?» ብሎ ቢጮህ፣ ምናልባት አፌን ይከፍትልኝ ነበር። እሱ ግን እጣው ልክ እንደሆነ ሁሉ ተቀብሎታል። ይህ ያናድደኝ ነበር። በራሴ መናደድ ሲገባኝ በሱ እናደድ ነበር።

ሥራውን ከቀኝ ጀምሬ ነበር። ከኋላ ወደ ፊት፣ ከላይ ወደ ታች ሄድኩ። የሚሠራ ነገር ሲያልቅብኝ የላይኛውን ወለል መሰላል ሁለት ጊዜ ቀባሁት። በመጨረሻ ወንድሜን እንኳ ታከተው።

«ትንሹ፣ የግራውን ሻንሲ ፈራኸው እንዴ?» አለኝ አንድ ጠዋት፣ ለቀልድ ያህል።

«ነገ» አልኩት።

በማግስቱ እሱና እትዬ ሐኪም ቤት ሄዱ። ብቻዬን ከሥሩ ገባሁ፤ ቡሎኖቹን ፈትቼ ማሰሪያውን ብረት አወረድኩ። ስብራቱ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስል ቀጥ ያለ ነው። የኔን ስፌት ጠርዝ ይዞ ነው የሄደው፤ አንዲት ጣት እንኳ አልሳተም። የእጅ ባትሪ አበራሁበት። ግማሹ ሸካራ ነው፤ ባንድ ጊዜ የተቀደደ። ግማሹ ግን ለስላሳ ነው፤ ቀስ በቀስ የተከፈተ። እዚያ ለስላሳው ላይ፣ በብረቱ ውስጥ፣ ሰማያዊ ቀለም አለ።

የተሰበረ ብረት ውስጡን ማንም አይቀባውም። ወንድሜና ሳቂታው ተሳቢውን ሲቀቡ ብየዳዬ ተከፍቶ ነበር ማለት ነው፤ ቀለሙ በዚያ ሠርጎ ገብቷል። ከአደጋው ሳምንት በፊት። ወንድሜ አልተኛም። ሻንሲው ቁልቁለቱ ላይ ለሁለት ሲከፈል ነቅቶ ነበር። የፍሬን ምልክት ያልተገኘውም ለዚህ ነው። ተሳቢ ሲወዛወዝበት ጥሩ ሾፌር ፍሬን አይረግጥም፤ ከረገጠ ይብስበታል። መርማሪው እንቅልፍ ነው ያለው ነገር የወንድሜ ሙያ ነበር።

እዚያው ከሥሩ ተኝቼ አለቀስኩ። ለሱ ነው ወይስ ለራሴ ያለቀስኩት? ለራሴ ይመስለኛል።

እንዲህ ያለ ነገር በእጁ የገባ ሰው፣ ሰው ከሆነ፣ ያንን ብረት ይዞ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። እኔ ግራይንደሩን አነሳሁ። ተሳቢውን በክሪክ ደግፌ፣ ስብራቱን ከነስፌቱ ከሁለቱም ወገን ክንድ ክንድ አስረዝሜ ቆርጬ አወጣሁት። አሮጌ ብረት የሚሰበስበው ሰውዬ በዚያው ቀን በበሩ ሲያልፍ ከተገፈፈው ላሜራ ጋር ቀላቅዬ ጋሪው ላይ ጫንኩለት። ጋሪው ጥጉን እስኪዞር ቆሜ ተመለከትኩ። ወንድሜና እትዬ ሲመለሱ እጄን ታጥቤ ሻይ እየጠጣሁ ነበር።

«ግራው እንዴት ሆኖ አገኘኸው?» አለኝ።

«ዝገት በልቶታል። ቀየርኩት።»

አዲሱን ብረት ከመትከሌ በፊት ከባድ መኪና ጋራዥ ሄጄ አንድ ሽማግሌ በያጅ አማከርኩ። ሰውዬው መሬት ላይ በኖራ እየሣለ ሕጉን በሙሉ አስተማረኝ። «አቋርጦ በይዶ የሚፈጭ ሰው ካየህ በር ሠሪ ነው» አለኝ በመጨረሻ፣ እየሳቀ። «ለነሱ ብረት ሁሉ በር ነው። ሰው ይጨርሳሉ።» አመስግኜው ወጣሁ።

ሰውዬው እንዳለኝ አደረግኩ። በሰያፍ ቆርጬ፣ ከውስጥ ጫፉ የሾለ ማጠናከሪያ አስገብቼ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ሠራሁት። ያ ሻንሲ ዛሬ ከፋብሪካ ከወጣበት ቀን ይልቅ ጠንካራ ነው። የውጩን ግን ፈጨሁት። ጉልበቱ ከውስጥ ስላለ አይጎዳውም፤ ግን ማንም ፍጨው አላለኝም። እጄ ለምዶበት ነው። ዝገት የሚከላከለውን አንቲረስት ቀባን፣ ከላዩ አመድማ ቀለም ደረብንበት። ሰማያዊ ይሁን ያለ ሰው የለም።

ተሳቢው ያለቀ ቀን ወንድሜ ንጹሕ ሸሚዝ ለበሰ። ሸሚዙ የራሱ ነው፤ ግን የታላቅ ወንድሙን የተዋሰ ይመስላል። በርጩማው ላይ ተቀምጦ ሚስቱን ጠራት። እትዬ መጥታ የቤቱ በር ላይ ቆመች።

«ነጋዴው ሰኞ ይወስደዋል» አላት። «ውሉ በአንቺ ስም ነው። እኔ ብኖርም ባልኖርም ያንቺ ነው።»

እትዬ ተሳቢውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አየችው። በአሥራ ሰባት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያዋ ይመስለኛል።

«ደክመዋል» አለች። «እግዜር ይስጥልኝ። ግን አልቀበልም። ወንድሜ የሞተበትን ብረት ምሳና እራት አድርጌ አልበላም። እርስዎ ሲተኙ እሱ አጠገብዎ ነበር፤ አምኖዎት። ይሽጡት፣ ያቃጥሉት፣ የፈለጉትን ያድርጉት። ለኔ ግን አይንገሩኝ።»

አልጮኸችም። ወንድሜ አንገቱን ደፍቶ «ልክ ነሽ» አላት። ይህች «ልክ ነሽ» ናት የገደለችኝ።

«አልተኛም» አልኩ።

ሁለቱም ወደኔ ዞሩ።

«ጋሼ አልተኛም፣ እትዬ። እኔ ነኝ። ሻንሲውን የበየድኩት እኔ ነኝ፤ የተሰበረው የኔ ብየዳ ነው። ሲቀቡት ተሰንጥቆ ነበር። በዐይኔ አይቻለሁ፤ ውስጡ ሰማያዊ ቀለም ነበረበት።» ምላሴ አንዴ ከተፈታ በኋላ አላቆመም። ጋራዥ ምን ይሠራልሃል ማለቴን፣ አራት ማዕዘኑን፣ መፍጨቴን፣ ሆስፒታል ትራስ ማስተካከሌን ሁሉ ተናገርኩ።

እትዬ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ከዚያ ከበሩ ወረደች፣ ግድግዳውን ትታ ግቢውን በመሃል አቋርጣ መጣች። «አሳየኝ» አለች።

ከግራው ሻንሲ ሥር ተንበረከክን። እጇን ይዤ ቦታው ላይ አደረግኩት። ወደዚያ ዳበሰች፣ ወደዚህ ዳበሰች።

«የት ጋ?»

«እዚህ ነው! እዚሁ እጅሽ ያለበት!» ግራይንደሩን ሰክቼ ቀለሙን ገፈፍኩት። አዲስ ብረት አብረቀረቀ፤ ትኩር ብለው ካላዩት የማይለይ ቀጭን መስመርም ወጣ።

«ይሄማ አሁን የሠራኸው ነው።»

«አዎ፤ የድሮውን ቆርጬ አወጣሁትና...»

«የታለ?»

«ለብረት ሰብሳቢው ሰጠሁት።»

«ያንን ቀለም ያለበትን?»

«አዎ።»

«ይህን ሁሉ የሚያሳየውን ብረት አግኝተህ፣ ለጋሪ ሰጠኸው?»

«አዎ፣ እትዬ።»

ስናገረው ለራሴም ውሸት መሰለኝ። ለማጅ ውሸታም ቢሆን ከዚህ የተሻለ ይፈጥራል።

ወንድሜ መሳቅ ጀመረ። ሳቁ ሳል ሆነ፤ ሳሉ ሲያልፍለት ዐይኑን በእጅጌው ጠረገ። «አይ ትንሹ!» አለ። «ልጅ ሆነህም እንዲሁ ነበርክ። እኔ የሰበርኩትን ብርጭቆ ሁሉ ‹እኔ ነኝ› ትል ነበር። እማዬ አንድ ቀንም አምናህ አታውቅም።»

ተገላቢጦሹ ነው። ብርጭቆ የምሰብረው እኔ ነበርኩ። እኔ ነኝ ይል የነበረው እሱ ነው።

«ጋሼ፣ ሆስፒታል ተኝተህ ምንም አላስታውስም ብለኸኛል! በራስህ አፍ!»

«ያኔ አላስታወስኩም። በኋላ እስር ቤት ሆኜ መጣልኝ።» ድምፁ የተረጋጋ ነበር። «ፀሐይዋ ፊት ለፊቴ ነበረች። ዐይኔን ለአፍታ ብዬ ከደንኩ። ልጁ የሆነ ነገር እያወራኝ ነበር፤ ድምፁ እየራቀ ሄደ። በየቀኑ አየዋለሁ፣ ትንሹ። አንተ ብየዳ ትለኛለህ።»

ያንን መንገድ ዐውቀዋለሁ። ከቀትር በኋላ ቁልቁለቱን ለሚወርድ ሰው ፀሐይ ከጀርባው ናት። ይህንንም ነገርኩት።

«በመስታወቱ አድርጋ ይሆናላ» አለኝ።

ዝም ስል የኖርኩት እውነቱ እዚያው ባለበት ይቆየኛል ብዬ ነበር፤ በፈለግኩ ቀን ሄጄ የማነሳው መስሎኝ። ለካ ወንድሜ ክፍት የተውኩለትን ቦታ በየዕለቱ በራሱ እጅ ሲሞላ ኖሯል። ያልተኛውን እንቅልፍ ያስታውሰዋል። አሁን ማንም ከሱ አይወስድበትም፤ እኔም ጭምር።

እትዬ ከመሬት ተነስታ ጉልበቷን አራገፈች። ዐይኗ እንባ ሞልቷል። ትመታኛለች ብዬ ነበር፤ እውነቴን ነው፣ ብትመታኝ ደስ ይለኝ ነበር። አቀፈችኝ።

«ወንድም ዓለም» አለችኝ። «ለሱ ስትል በወንድሜ ደም እጄ አለበት ትላለህ? ምን ዓይነት አንጀት ነው የሰጠህ?» ከዚያ ወደ ባሏ ዞረች። «እንዲህ የሚወድዎት ሰው ካለ እኔ ቂም ይዤ የምቀመጥ ማን ነኝ? ይቅር ብዬዎታለሁ። ተሳቢውንም እቀበላለሁ።»

ወንድሜ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ አለቀሰ። እትዬ ትከሻውን ይዛ ቆመች። እኔ ግራይንደሩን እንደያዝኩ አጠገባቸው ቆሜያለሁ። ሐቁን ልናገር ከተባለ፣ ከውስጤ አንድ ነገር ደስ ብሎታል። ተናግሬአለሁ፤ ደግሞም አምልጫለሁ።

ደስታው አንድ ቀን አልቆየም። በማግስቱ ብረት ሰብሳቢውን አፈላልጌ አገኘሁትና ብረቱን ወዳስረከበበት ማከማቻ ወሰደኝ። ጠባቂው የምፈልገውን በእጄ ለክቼ ሳሳየው አዘነልኝ። «የዚያ ሰሞኑ ሁሉ ማቅለጫ ገብቷል፣ አባባ» አለኝ። «አሁን ሚስማር ሆኖ ይሆናል።» ቢሆንም እስኪመሽ ድረስ ክምሩን ስቆፍር ዋልኩ።

ወንድሜ ከዚያ በኋላ ሰባት ሳምንት ቆየ። እትዬ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ በማንኪያ ታበላው ነበር፤ እንዲህ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም። ሦስት ጊዜ እንደገና ልነግረው ሞከርኩ። ሦስቱንም ጊዜ እጄን መታ መታ አድርጎ «በቃ፣ ሰምቻለሁ፤ እግዜር ይስጥህ» አለኝ። ሰው እንደ ገደለ አምኖ ሞተ።

ለቅሶው ላይ አስተማሪው ቆሞ ተናገረ። የወንድሙን ኃጢአት በራሱ ላይ ሊጭን የፈለገ ሰው በዚህ ዘመን መገኘቱን መሰከረ፤ በጣቱም ወደኔ ጠቆመ። ሰዎች እየመጡ እጄን ያዙ። አንዷ ሴት ልጆቿን አምጥታ አስተዋወቀችኝ፤ ወንድም ማለት እንዲህ ነው እያለች። እኔም ጎንበስ እያልኩ ተቀበልኩ።

ተሳቢው ይሠራል። በሁለት ሳምንት አንዴ ስድስት መኪና ጭኖ ይገባል፣ አራግፎ ይወጣል። እኔ ካላየሁት እትዬ አታስወጣውም። ጠዋት ከሥሩ ገብቼ የግራውን ሻንሲ በባትሪ ከጫፍ እስከ ጫፍ አየዋለሁ። እሷ ነጠላ ጫማዋን ተጫምታ አጠገቤ ትቆማለች። አዲሱ ሾፌርና ረዳቱ ታሪኩን ከሷ ሰምተዋል።

«ወንድም ዓለም» ትለኛለች ወደ ታች ጎንበስ ብላ፣ እየሳቀች፣ «ያቺ ውሸትህ ዛሬ እንዴት አደረች? ተሰነጠቀች?»

ሾፌሩም ይስቃል፣ ረዳቱም ይስቃል። አሥራ ሰባት ዓመት ጥርሷን ያላየሁላት ሴት ናት። እኔም አብሬአቸው እስቅና አቧራዬን አራግፌ እነሳለሁ።

«ደህና ናት» እላታለሁ።